የመጀመሪያውን ማን ይቀሰቅሰዋል? የኮምፒዩተር አነሣሥ አጭር ታሪክ

የኮምፒዩተር ቁልፍ ሲነካ መሣሪያው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተነሥቶ ትእዛዝ ይጠብቃል። ነገሩ የተለመደ ስለ ሆነ የሚጠይቅበት ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ኮምፒዩተር የሚሠራው ፕሮግራም ወደ ሜሞሪው ሲገባለት ብቻ ከሆነ፥ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ማን ያገባለታል?

ቀድሞ መልሱ የሰው እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አልቴር 8800 በፊቱ ላይ የተደረደሩ ማብሪያዎች ነበሩት። ባለቤቱ እነርሱን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረገ የመጀመሪያውን አጭር ፕሮግራም ያስገባ ነበር፤ መብራት ሲጠፋም ድካሙ እንደ ገና ይጀመራል። በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ግን፥ መብራት ቢጠፋም በማይጠፋ ቺፕ ላይ የተጻፈ ባዮስ የሚባል ፕሮግራም ይዞ መጣ። ባዮስ ዕቃዎቹን ይመረምርና ከዲስኩ መጀመሪያ 512 ባይት፥ ማለት አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ የሚያህል አንብቦ፥ ሥራውን ለእርሱ ያስረክባል።

በ1991 በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ለዓለም ሲያስታውቅ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። በእርሱ ሥራ እነዚያ 512 ባይቶች ከፍሎፒ ዲስክ ይነበቡ ነበር፤ ተግባራቸውም የሥርዓቱን ልብ፥ ከርነልን፥ ወደ ሜሞሪ ማምጣት ነው።

ዛሬ መንገዱ ረዝሟል፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። በአዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች አስቀድሞ የሚነቃው በቦርዱ ላይ ያለው ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. የሚባለው ፕሮግራም ነው። እርሱ በብዙ ዘንድ ግሩብ የተባለውን አስነሺ ይጠራል። ግሩብም ከርነሉን፥ ከእርሱም ጋር ዋናውን ዲስክ ለማግኘት የሚረዱ መሣሪያዎች ያሉበትን ትንሽ ጊዜያዊ ማኅደር ወደ ሜሞሪ ያገባል። ዋናው ዲስክ ከተገኘ በኋላ ቁጥር 1 የሚባለው ሂደት፥ ለምሳሌ ሲስተምዲ፥ አገልግሎቶቹን ሁሉ አስነሥቶ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል እስከ መጠየቅ ያደርሳል። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዳሉት፥ ታናሹ ታላቁን እየቀሰቀሰ መሣሪያው ይቆማል።

ይህን ሁሉ ለማወቅ የቻልነው ጽሑፉ ስላልተሰወረ ነው። ሊኑክስ ከ1992 ጀምሮ ማንም እንዲያነበው፥ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው በሚፈቅድ ፈቃድ ይሰጣል። ስለዚህ ተማሪ የማንንም ደጅ ሳይጠና ከርነሉ እንዴት እንደሚነሣ ከጽሑፉ ሊማር ይችላል።

ሆኖም ሰንሰለቱ በሙሉ ክፍት አይደለም። በቦርዱ ላይ ያለው የመጀመሪያው ፕሮግራም በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ አሁንም የፋብሪካው ምሥጢር ነው። እርሱንም ለመክፈት በ1999 በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ የተጀመረው ሥራ፥ ዛሬ ኮርቡት በሚል ስም ይቀጥላል። የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት በሌላ እጅ የተሰወረበት ሰው፥ መሣሪያውን ገዛ እንጂ ፈጽሞ አላወቀውም። ሊኑክስን የጀመረው ተማሪ እንደ ነበረ እናስታውስ፤ የቀረውን ለማንበብና ለመጻፍም እንትጋ።