ስፓም፦ ከዲቪ እስከ ልደታ

ዲቪ ሲባል አዲስ አበቤ የሚያስታውሰው ፎርም የሚሞላበትን ኢንተርኔት ቤት ነው። የስፓም ታሪክም እዚያው ዲቪ በር ላይ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ካንተር እና ሲገል የተባሉ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ጠበቆች የግሪን ካርድ ሎተሪ ማስታወቂያቸውን በሺዎች በሚቆጠሩ የዩዝኔት ቡድኖች ላይ በተኑት። «ስፓም» የሚለው ቃል በየሰው አፍ የገባው ያኔ ነው።

ነገሩ ግን ከዚያም ይቀድማል። በ1978 ጌሪ ቱርክ የተባለ የኮምፒውተር ሻጭ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ማስታወቂያ በኢሜይል ልኳል። አድራሻዎቹ ከታተመ ማውጫ ላይ በእጅ የተገለበጡ ነበሩ። ድረ ገጽ ሲበዛ ይህን ሥራ ለቃሚ ፕሮግራም ተረከበው። ከገጽ ገጽ እየዞረ የ«አት»ን ምልክት ይፈልጋል፣ ግራና ቀኙን ገልብጦ ይወስዳል። በቃ። የማን አድራሻ ይሁን ግድ የለውም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሴንተር ፎር ዲሞክራሲ ኤንድ ቴክኖሎጂ የተባለ የአሜሪካ ተቋም ለ6 ወር ሞክሮ ያገኘውን በ2003 ይፋ አደረገ። ከመጣው ስፓም 97 በመቶ በላይ የሚሆነው የተላከው ድረ ገጽ ላይ በግልጽ ወደተለጠፉ አድራሻዎች ነበር። ምልክቱ ቀርቶ «አት» እና «ዶት» ተብለው በፊደል የተጻፉት አንድም አልደረሳቸውም። እኛ በስልክ «አት ጂሜይል ዶት ኮም» እንደምንለው ማለት ነው።

ዛሬ ግን ለቃሚዎቹም ይህችን ዘዴ ለምደዋታል። አድራሻን በምስል መለጠፍም አለ፤ ግን ገጹን በድምፅ የሚያስነብብ ዓይነ ስውር አንባቢን አብሮ ይዘጋበታል።

ሕጉስ? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስታወቂያ በኢሜይል የሚያሰራጭን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። ጉዳዩን የሚያየው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ብዙ ጊዜ ልደታ ማለት ነው። አንቀጹ የሚይዘው ግን ላኪውን ነው። ለቃሚው ሥራውን የጨረሰው ከዚያ በፊት ነው፤ ምናልባትም ከአገር ውጭ ተቀምጦ። ልደታ ያለ ዳኛ ላኪውን ሊቀጣ ይችላል፣ አድራሻችሁን ግን ከየዝርዝሩ ለቅሞ አይመልስላችሁም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

አድራሻን ጨርሶ መደበቅም አያዋጣም፤ ታፔላ የሌለውን ሱቅ ማን ያገኘዋል? ስለዚህ ለአደባባይ አንድ አድራሻ፣ ለባንክና ለቤተሰብ ሌላ። ገጽ ያለው ደግሞ አድራሻው የማይታይበት የመልእክት ፎርም ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ደንበኛው ይጽፍለታል፤ ለቃሚው የሚገለብጠው ነገር አያገኝም።