ለጋ የስንዴ ቡቃያ፦ ከዶሮ መኖ እስከ ብርጭቆ

የስንዴ ቡቃያ በትሪ አብቅለን እንሽጥ የሚል ሐሳብ ስለተነሳ ታሪኩን ላካፍላችሁ።

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው የግብርና ኬሚስት ቻርልስ ሽናብል ለጋ የእህል ቅጠል ለዶሮዎች መግቦ እንቁላላቸው ሲጨምር አየ። ቅጠሉ የሚታጨደው አገዳው አንጓ ከማውጣቱ በፊት ነው፤ ካለፈ ፕሮቲኑና ቫይታሚኑ ይቀንሳል፣ ቃጫው ይበዛል። የማሳ ስንዴ ብርዱን ችሎ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ከአፈሩም ይመገባል።

በኋላ አን ዊግሞር በቦስተን በትሪ ማብቀልን አስለመደች። ይህ በ10 ቀን ገደማ ይደርሳል፤ በአብዛኛው የሚያድገው ዘሩ ባከማቸው ስንቅ ነው።

ስለዚህ የማሳውን ዝና ጠቅሰን የትሪውን አንሽጥ። ከወጪና ገቢው በፊት እምነት ይመዘገባል፤ በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የተዘራበትንና የታጨደበትን ቀን እንጻፍ፤ መድኃኒት ነው አንበል።