የቦረና ምድርና የውኃው ሥርዓት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዲላ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ያቤሎን ሲቃረብ፥ የቡናውና የእንሰቱ ልምላሜ ተቋርጦ ቀይ አፈር፥ ግራርና ረጃጅም የምስጥ ኩይሳ የሞላበት ሜዳ ይቀበለዋል። ሜዳው ከርእሰ ከተማው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ እስከምትርቀው እስከ ሞያሌ ድረስ ሰፍቶ፥ ወሰኑንም ተሻግሮ ወደ ኬንያ ይዘልቃል። ከሩቅ ሆነው የሚመለከቱት ብዙ ጊዜ ምድረ በዳ ብለውታል፤ ነገር ግን በቦረና ሰውና ከብት ተበትኖ የሚኖረው ሥርዓት ስላጣ ሳይሆን ሥርዓቱ እንዲበተን ስለሚያዝዘው ነው።

ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ዋናው፥ ገነ የሚባለው፥ በበልግ ወራት፥ አነስተኛው ሀገያ ደግሞ በመጸው ይዘንማል። በዝናሙ ወራት መንጋው ኩሬ ወዳለበት ሩቅ ግጦሽ ይሠማራል፤ በበጋ ግን የሁሉ ተስፋ ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ላይ ያርፋል። የቱላ ስፍራዎች ዘጠኝ ሲሆኑ፥ ከጉድጓዶቹ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ወጣቶች ከሥር እስከ አፍ በደረጃ ተሰልፈው፥ እየዘመሩ፥ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ገንዳውን ይሞላሉ። አባ ኮንፊ የጉድጓዱ ባለ መብት ነው፤ የዕለቱን ተራ የሚያስከብረው ግን አባ ሄሬጋ ነው። ከብቱ በበጋ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጠጣ፥ በውኃው ተራ የግጦሹም ልክ አብሮ ይወሰናል። ስለ ውኃና ስለ ሣር የሚነሣውን ታላቅ ጉዳይ ደግሞ በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው የጉሚ ጋዮ ሸንጎ ይመረምረዋል።

የምድሪቱ ሀብት ከብት ብቻ አይደለም። በኤልሶድ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ባለው ጥቁር ሐይቅ ሰዎች እየጠለቁ ጨው የተቀላቀለበትን ጭቃ ያወጣሉ፤ አህዮችም ጭቃውን ተሸክመው ገደሉን ይወጣሉ፤ ጨው ለከብት እንደ እህል የሚያስፈልግ በመሆኑ ገበያው አይጠፋም።

በ1880ዎቹ መጨረሻ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በዘመቱበት ጊዜ አገሩ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። በኅዳር 1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የወሰን ውል ግን ቦረናን በሁለት መንግሥታት ከፈለው፤ መንጋው በየዓመቱ የሚመላለስበት ግጦሽ በአንድ ፊርማ የባዕድ አገር ሆነ። እንግሊዞችም ሜጋ ላይ ቆንስላ አቆሙ።

ከ1960ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ለልማት ታስበው በመኪና የተቆፈሩት ኩሬዎች፥ በዝናም ወራት ብቻ ይበላ የነበረውን ግጦሽ ዓመቱን ሙሉ እንዲረገጥ አደረጉት፤ አሮጌውን ሣር በእሳት የማደስ ልማድም በመከልከሉ እሾሃማው ቁጥቋጦ ሜዳውን ወረረ። ስለዚህ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናሙ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲቀር፥ ድርቁ ያገኘው ቀድሞ የተዳከመ ምድር ነበር፤ እጅግ ብዙ ከብትም አለቀ።

እንግዲህ ለቦረና መልካም የሚያስብ ሹም ወይም መሐንዲስ፥ አዲስ ውኃ ከማውጣቱ አስቀድሞ፥ ያ ውኃ የትኛውን ሣር በየትኛው ወር እንደሚያስበላ አባ ሄሬጋን ሊጠይቅ ይገባዋል።