በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የቤት ውስጥ የምግብ ብክነትን መቀነስ

መግቢያ

የምግብ ቁጠባ ሲባል ለብዙዎች ትንሽ መብላት ወይም የቆየን ምግብ ሳይመርጡ መጠቀም ይመስላቸዋል። ትክክለኛ ትርጉሙ ግን ይህ አይደለም። ቁጠባ ማለት የተገዛው እህል፣ የተጋገረው እንጀራና የተሠራው ወጥ ሳይበላሽ በጊዜው ለሰው ምግብነት እንዲውል ማድረግ ነው። ከተበላሸ በኋላ የሚደረግ ቁጠባ ቤተሰቡን ለሕመም ያጋልጣል፤ ለሕክምና የሚወጣውም ወጪ ከተረፈው ምግብ ዋጋ ይበልጣል። ይህ ጽሑፍ በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ፣ በሚኤሶና በሌሎች የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ለሚኖሩ ቤተሰቦች ብክነት የት እንደሚከሰትና እንዴት እንደሚቀነስ ያስረዳል።

የጉዳዩ ስፋት

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በቤት፣ በምግብ ቤቶችና በችርቻሮ ንግድ ባክኗል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ የሚሆነው የባከነው በመኖሪያ ቤቶች ነው። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ በቤት ውስጥ ብቻ በዓመት 79 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሪፖርቱ ብክነት የሀብታም አገሮች ችግር ብቻ አለመሆኑንና በሞቃት አገሮች የቤት ውስጥ ብክነት ከፍ ብሎ እንደሚታይ ያመለክታል። የዘላቂ ልማት ግቦች በሸማቾችና በችርቻሮ ደረጃ የሚታየው ብክነት እስከ እ.ኤ.አ. 2030 በግማሽ እንዲቀንስ ያስቀምጣሉ።

በምዕራብ ሐረርጌ ጉዳዩ የበለጠ ክብደት አለው። የዞኑ ምርት በአብዛኛው በዝናብ ላይ የተመሠረተ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከኤልኒኞ ጋር ተያይዞ በደረሰው ድርቅ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ ሲያስፈልገው፣ ምዕራብ ሐረርጌ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። ዝናቡን ማዘዝ አይቻልም፤ ቤት የገባውን እህል ከነቀዝና ከሻጋታ ማዳን ግን ይቻላል።

ብክነቱ በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። በቀን አንድ እንጀራ ብቻ የሚጥል ቤተሰብ በዓመት 365 እንጀራ ይጥላል። ከእንጀራው ጋር እህሉ የተገዛበትና የተፈጨበት ገንዘብ፣ ማገዶው፣ ውኃውና የጋጋሪዋ ድካም አብሮ ይጣላል።

እህል አያያዝ

ማሽላና በቆሎ የአካባቢው ዋና ምግብ ናቸው። በሐረርጌ ገጠሮች ማሽላን በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። ጉድጓዱ እህሉን ከአይጥ፣ ከሌባና ከእሳት ይጠብቃል፤ ሆኖም ከግድግዳው የሚመጣው እርጥበት በዳርና በላይ በኩል ያለውን እህል ያሻግታል። ስለዚህ የከተማ ነዋሪ ከገበያ ማሽላ ሲገዛ የእህሉን ቀለምና ሽታ መመርመር፣ ከከረጢቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ከመሐሉና ከታቹም ዘግኖ ማየት ይኖርበታል። በጉድጓድ እህል የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች ጉድጓዱን እንደከፈቱ ወዲያው ወደ ውስጥ መግባት የለባቸውም። በተዘጋው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመው አየር ሰውን አፍኖ ሊገድል ስለሚችል አስቀድሞ በሚገባ መናፈስ አለበት።

እህሉ መድረቁን በቤት ውስጥ ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ፣ ክዳኑን ገጥሞ መነቅነቅና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ስለሆነ እንደገና ፀሐይ ላይ መሰጣት ይኖርበታል።

የደረቀ እህል ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ነቀዝን ለመከላከል አየር የማያስገባ ባለሦስት ድርብ ከረጢት ጥሩ አማራጭ ነው። ከረጢቱ ሁለት የላስቲክ ውስጠኛ ሽፋኖችና አንድ የውጭ ጆንያ አለው፤ እያንዳንዱ ሽፋን ለየብቻ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር በውስጡ ያለው ኦክስጅን ስለሚያልቅ ነቀዙ ያለ ኬሚካል ይሞታል። በየጊዜው መክፈት ጥቅሙን ስለሚያሳጣ ለዕለት ፍጆታ የሚውለው እህል በሌላ ዕቃ መቀመጥ አለበት።

አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለውን የነቀዝ ማጥፊያ እንክብል ሰው በሚኖርበት ወይም በሚተኛበት ቤት መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። እንክብሉ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

እንጀራ

በአብዛኛው ቤት ብዙ የሚጣለው ምግብ እንጀራ ነው። ምክንያቱም ማገዶ ለመቆጠብ በአንድ ጊዜ ብዙ ይጋገራል፤ እንጀራው ግን ከ3 ወይም ከ4 ቀን በላይ ሳይሻግት የሚቆየው በጥቂት ቤት ነው። የማሽላ እንጀራ ደግሞ ከጤፍ እንጀራ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ይሰባበራልም። የሚከተሉት ልማዶች ይመከራሉ።

- አቅም በፈቀደ መጠን በማሽላው ላይ ጤፍ መቀላቀል፤ ልስላሴው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።
- ከምጣድ የወጣውን እንጀራ በሰፌድ ላይ በሚገባ አቀዝቅዞ ወደ መሶብ መክተት። ትኩስ እንጀራ ሲደራረብ እንፋሎቱ ወደ ውኃነት ተለውጦ ሻጋታን ያፈጥናል።
- መሶቡን ከአዲስ ጋገራ በፊት ባዶ አድርጎ ማጽዳትና ፀሐይ ማስመታት። የሻገተ ፍርፋሪ የቀረበት መሶብ አዲሱን እንጀራ ይበክላል።
- የቆየውን ከላይ፣ አዲሱን ከታች ማድረግ።
- ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤታሞች ተራ ገብተው መጋገርና መካፈል። ማገዶ ሳይጨመር እያንዳንዱ ቤት ትኩስ እንጀራ በየሁለት ቀኑ ያገኛል።
- እንጀራው ሊተርፍ መሆኑ ሲታወቅ፣ ሻጋታ ሳይነካው በሁለተኛው ቀን ቆራርሶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በፀሐይ ማድረቅ። በሚገባ የደረቀ ድርቆሽ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ለሳምንታት ይቆያል፤ ለፍርፍርም ይሆናል።

አትክልት፣ ወተትና ሥጋ

ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ሚኤሶ በቆላው ትገኛለች። በመሆኑም በጭሮ ሦስት ቀን የሚቆይ ቲማቲም በሚኤሶ በአንድ ቀን ሊበላሽ ይችላል። ግዢውም በዚሁ ልክ መታቀድ አለበት።

ድንችና ሽንኩርት ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ለየብቻ ይቀመጡ። ድንቹ ብርሃን እንዳይነካው ይሸፈን፤ የአረንጓዴ ቀለም የያዘው ክፍል መርዛማ ነገር ስላለው ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል። ደረቅና ሞቃት አየር ባለባቸው ቆላማ ከተሞች ያለ መብራት የሚሠራ የሸክላ ማቀዝቀዣ ማዘጋጀት ይቻላል። ትንሹን ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መሙላትና በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ነው። ውኃው ሲተን የውስጡ ማሰሮ ይቀዘቅዛል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስፋት ያስተዋወቁት ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባ አባ ናቸው። አየሩ እርጥበት ባለው ጊዜ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

የላምም ሆነ የግመል ወተት ተፈልቶ ይጠጣ። ከዕለት ፍጆታ የሚተርፈው የላም ወተት በታጠበና በታጠነ ዕቃ ወደ እርጎ፣ ቅቤና አይብ ይለወጥ። የተረፈ ሥጋ በስሱ ተዘልዝሎ፣ ጨውና ቅመም ተቀብቶ፣ ዝንብ በማይደርስበት ነፋሻ ቦታ ቋንጣ ይደረግ።

ገበታና ድግስ

እንግዳ ተቀባይነት የአካባቢው ሕዝብ መልካም ባሕርይ ነው፤ ገበታው ባዶ ሆኖ መታየቱም ለቤቱ ባለቤት ያሳፍራል። ሆኖም ምግቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከማቅረብ ይልቅ በመጠን አቅርቦ ደጋግሞ መጨመር ክብርንም ምግብንም ይጠብቃል። እጅ ያልነካው ምግብ ከመጀመሪያው በንጹሕ ዕቃ ከተለየ ለነገ ወይም ለጎረቤት ሊሰጥ ይችላል። በረመዳን የአፍጥር ገበታ፣ በሠርግና በዓመት በዓላት ይህ ልማድ ከፍተኛ ለውጥ ያመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚያስገነዝበው፣ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት መቆየት የለበትም። ጀርሞች ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በፍጥነት ይራባሉ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ቢሠራ ይሻላል። የተቀመጠ ወጥ ሲሞቅ እስኪፈላ ድረስ መሞቅ አለበት።

ለቁጠባ ሲባል መበላት የሌለባቸው

አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቢጫ ሻጋታ የታየበት እንጀራ፣ ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ለውዝ ለምግብነት አይውልም። የሻገተውን ቦታ ቆርጦ ቀሪውን መብላት፣ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ወይም መቀቀል አደጋውን አያስወግድም። በእህልና በለውዝ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ፤ መርዙ ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል፣ በማብሰልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሻገተ እህል ለላም ወይም ለፍየል መስጠትም አይመከርም፤ መርዙ በወተት አማካይነት ተመልሶ ወደ ሕፃናት ሊደርስ ይችላል።

ትራፊን ለሌላ ጥቅም ማዋል

የሐረርጌ ሕዝብ በዚህ ረገድ የዳበረ ልምድ አለው። ከማሽላ ማሳ የሚነቀለው ችግኝና የሚረግፈው ቅጠል ለሰንጋ ማድለቢያ ይውላል፤ የጫት ገራባ ለፍየል ይሰጣል፤ የቡና ገለፈትም ከወተት ጋር ተፈልቶ ሆጃ ሆኖ ይጠጣል። በከተማም ንጹሕ የአትክልት ልጣጭና ያልሻገተ ትራፊ ለእንስሳት ሊሰጥ ይችላል። ቀሪው ከቅጠልና ከጥቂት አመድ ጋር በጓሮ ጉድጓድ ተከምሮ ለጓሮ አትክልት ብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት ግን አይጥና ውሻ ስለሚስብ አይጨመርበትም።

ከየት ይጀመር?

እያንዳንዱ ቤተሰብ ለ7 ቀን ያህል የሚጥለውን ምግብ ዓይነት፣ መጠንና ምክንያት በወረቀት ላይ ቢመዘግብ ብክነቱ በየትኛው ቦታ እንደሚበዛ ያውቃል። እንጀራ ከሆነ የጋገራውን መጠን፣ እህል ከሆነ ማስቀመጫውን፣ አትክልት ከሆነ የግዢውን መጠን ማስተካከል ይቻላል። በእህል አያያዝ ላይ የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን፣ በምግብ ንጽሕና ላይ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን በየቀበሌው ማማከር ይቻላል።