ችሎታና ብቃት፤ ስለ አስጐብኚዎች የእንግሊዝኛ ምስክር ወረቀት ታሪካዊ ቅኝት

በቱሪዝም ሥራ ለተሠማሩ ሰዎች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ምስክር ወረቀት በአማርኛ ሲጠራ አንድ ጊዜ «የችሎታ»፣ ሌላ ጊዜ «የብቃት» ይባላል። ሁለቱ ቃላት እንደ አንድ ሲሠራባቸው እናያለን፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። «ችሎታ» ከ«ቻለ» የወጣ ሲሆን አንድን ነገር መሥራት መቻልን ብቻ ያመለክታል። «ብቃት» ግን የ«በቃ» ዘር ነው፤ ለተፈለገው ነገር ያለጉድለት መድረስን ያሳያል። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር «ከብቃት የደረሰ» የሚባለው ተጋድሎውን ፈጽሞ ጸጋ የተሰጠው አባት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ አስጐብኚው የያዘው ወረቀት ከሁለቱ ለየትኛው እንደሚመሰክር ነው። ለዚህም የፈተናውን አመጣጥ ማየት ያስፈልጋል።

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለውጭ አገር ሰዎች ያዘጋጀውን ከፍተኛ የእንግሊዝኛ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1913 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የቀረቡት ተፈታኞች 3 ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም ወደቁ። ፈተናው በጠቅላላው 12 ሰዓት ይፈጅ ነበር። ሰዋስው፣ ድርሰት፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ድምፅ፣ የቃል ጽሕፈት፣ ንባብና ንግግር ተካተውበታል። ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ግን የትርጉም ፈተና ነው፤ ተፈታኙ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ ወይም ወደ ጀርመንኛ፣ ከእነዚሁም ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጉም ይጠየቅ ነበር። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ቋንቋ ዐወቀ የሚባለው በሁለት ቋንቋዎች መካከል መመላለስ የሚችል ሰው ነበር ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። የአየር ጉዞ በመስፋፋቱ እንግሊዝኛ ለሆቴል ሠራተኛውም፣ ለበረራ አስተናጋጁም፣ ለአስጐብኚውም የዕለት መሣሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለተወሰነ ሙያ ብቻ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ተስፋፋ፤ ለቱሪዝም ሠራተኞች የተለዩ ፈተናዎችም ከዚሁ አስተሳሰብ የወጡ ናቸው። በካምብሪጁ ፈተና ላይም እ.ኤ.አ. በ1975 በተደረገው ማሻሻያ ትርጉም ከዋናዎቹ ክፍሎች ወጥቶ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማዳመጥና መናገር ቦታውን ያዙ። ለውጡ ምክንያት አልነበረውም አንልም። እንግዳ ተቀብሎ የክፍል ቁልፍ ለሚሰጥ ሠራተኛ ሥነ ጽሑፍም ሆነ ትርጉም መፈተን ከሥራው ጋር አይገናኝም።

የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የቋንቋ ደረጃ ማዕቀፍ ውስጥ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ የአንዱን ሐሳብ ለሌላው ማድረስ፣ እኛ «አማካይነት» ልንለው የምንችለው ተግባር፣ በስም ተጠቅሷል። መመዘኛው ግን ተሟልቶ የወጣው ከ2018 እስከ 2020 በታተመው ተጨማሪ ሰነድ ነው። ስለዚህ አስጐብኚው ዕለት ዕለት የሚሠራው ሥራ ለረጅም ጊዜ ያለ መለኪያ ቆይቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የቱሪዝም ሥራ ራሱን በቻለ መንግሥታዊ ድርጅት መመራት የጀመረው በ1954 ዓ.ም. ነው። ድርጅቱን በመምራት የሚታወቁት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያስተዋወቁት መፈክር በእንግሊዝኛ የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን የሚል ሲሆን በአማርኛ «የ13 ወር ጸጋ» ተብሏል። ይህ ትርጉም የሚያስመሰግን ነው። ከብርድ አገር ለሚመጣ እንግዳ ፀሐይ ደስታ ናት፤ ክረምት ጠባቂ ለሆነ ገበሬ ግን ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ማለት ድርቅ ነው። ተርጓሚው ቃሉን ትቶ ቃሉ የተፈለገበትን ስሜት ወሰደ። «አስጐብኚ» የሚለውም ስያሜ እንዲሁ የታሰበበት ነው። እንግሊዝኛው መንገድ የሚመራ ሲል አማርኛው እንዲጐበኝ የሚያደርግ ይላል። በሽተኛም እርሻም «ይጐበኛል»፤ መጐብኘት ያለበትን ሁኔታ ማወቅ ነውና፣ አስጐብኚ እግርን ብቻ ሳይሆን ማስተዋልንም ይመራል።

የላሊበላን ሁኔታ እንውሰድ። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ አስጐብኚው የሚናገረው ለመላው ዓለም ነው። «ታቦት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ የኪዳኑ ታቦት በሚጠራበት ቃል ቢተረጉመው፣ እንግዳው «ታቦቱ አክሱም አለ አላላችሁምን?» ብሎ ይጠይቃል። አማርኛው የኪዳኑን ታቦትም በየቤተ መቅደሱ ያለውን ጽላትም በአንድ ስም ሲጠራ፣ እንግሊዝኛው ሁለተኛውን አያውቀውም። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ አስቀምጦ ማብራራት ይሻላል። በአንጻሩ «ውቅር» የምንለው እንግሊዝኛው የሚለያቸውን ይጠቀልላል። ቤተ ጊዮርጊስ በአራቱም ጐን ከአለቱ ተለይቶ ቆሟል፤ የቤተ አባ ሊባኖስ ጣሪያ ግን ከአለቱ ጋር እንደ ተያያዘ ነው። እዚህ ላይ ዕዳው የአማርኛው ነው፤ ለሁለቱ የተለያየ ስያሜ ልናወጣላቸው ይገባል።

የሰዓትና የዓመት ቁጥርም እንዲሁ ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት እንገናኝ ለማለት ቁጥሩን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ አስጐብኚ ሰዋስው አላጠፋም፤ እንግዳው ግን ቀጠሮውን ከቀትር በኋላ አድርጎ ይረዳዋል። በእኛ አቈጣጠር የተነገረ ዓመትም ካልተመለሰ ታሪኩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። የመናገር ፈተና እንዲህ ያለውን ስሕተት አያገኘውም፤ ዐረፍተ ነገሩ እንከን የለበትምና።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ አሁን ያለው የእንግሊዝኛ ወረቀት ለችሎታ እንጂ ለብቃት እንደማይመሰክር ነው። ጉዳቱም በሁለት ወገን ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ፣ የሥዕሉንና የሕንፃውን ምስጢር የሚያውቅ ወጣት አንደበቱ ስላልተፍታታ ይወድቃል፤ አንደበተ ርቱዑ ደግሞ የማያውቀውን አሳምሮ ተናግሮ ያልፋል። እንግዳው ይዞት የሚሄደው የአገሪቱ መልክ በሁለተኛው ቃል የተሣለው ይሆናል።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ንግግርን ብቻ ለሚመዝን ፈተና «የእንግሊዝኛ ችሎታ ምስክር ወረቀት» የሚለው ስም ይጽና፤ «ብቃት» ለሙሉው ሙያ ይቈይ። ሁለተኛ፣ ለአስጐብኚዎች በሚዘጋጅ ፈተና ተፈታኙ ስለ አንድ ቅርስ የተጻፈ የአማርኛ አንቀጽ አንብቦ በእንግሊዝኛ በቃል እንዲያስረዳ ይደረግ። ሦስተኛ፣ የሚተረጐሙትን፣ እንዳሉ የሚቀሩትንና ማብራሪያ የሚሹትን ቃላት የሚለይ አጭር መዝገበ ቃላት ይሰናዳ። የመጨረሻው የእኛ የቋንቋ ባለሙያዎች ድርሻ ነው፤ መዝገቡን ሳናዘጋጅለት አስጐብኚውን በትርጉሙ መውቀስ አይገባንም።