አየር የሳበ ልብ
በአንጎል ቀዶ ጥገና ላይ የአየር አደጋ የተገታበት ታሪክ

በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ ሥራ የተሰማራ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ። ፓምፑ ከወንዙ ወለል በላይ ከተተከለ፣ በመምጠጫው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከከባቢው አየር ግፊት ያንሳል። ስለሆነም በመጋጠሚያው ላይ አንዲት ቀዳዳ ብትገኝ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ውሃ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም። ያን ጊዜ ፓምፑ «አየር ሳበ» ይባላል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ውሃ ግን አይወጣም። ከሚሌ ቁልቁል እስከ ዱብቲ ባሉት እርሻዎች ለሚሠራ መካኒክ ይህ የዘወትር ገጠመኝ ነው። ይኸው ሕግ በሰው ልብ ላይ ሲደርስ የሚያስከትለውን ጥፋት ለመግታት ግን የሕክምናው ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ነገሩ የሐኪሞች ብቻ መስሎ ቢታይም በአብዛኛው የግፊት፣ የከፍታና የመለኪያ መሣሪያ ታሪክ ስለሆነ ለማኅበራችን አባላት ባዕድ አይሆንም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

በቀዶ ጥገና ጊዜ አየር በደም መልስ በኩል ገብቶ ሰው እንደሚገድል ቀድሞም ታውቆ ነበር። ፈረንሳዊው ማዥንዲ በ1821 ስለዚሁ ጽፏል፤ አሙሳም በ1839 ሰፊ ምርምር አሳትሟል። አደጋው የአንጎል ቀዶ ጥገና ዋነኛ ሥጋት የሆነው ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን፣ በሽተኛውን አስቀምጦ የራስ ቅሉን ከኋላ በኩል መክፈት ከተለመደ በኋላ ነው። ከዘዴው ቀዳሚዎች አንዱ የፓሪሱ ሐኪም ቲየሪ ደ ማርቴል ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ደሙ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል፣ የሐኪሙም ዐይን የኋላውን አንጎል አጥርቶ ያያል።

ዋጋው የሚከፈለው በከፍታ ነው። ቁስሉ ከልብ 20 ሴንቲሜትር በላይ ቢሆን፣ በዚያ ያለው የደም መልስ ግፊት ከልብ ግፊት በ20 ሴንቲሜትር የውሃ ዓምድ ያህል ዝቅ ይላል፤ ከከባቢው አየር በታች ለመውረድም ይበቃዋል። በክንድ ላይ ያለ ደም መልስ ግፊቱ ሲወርድ እንደ ስስ የጎማ ቱቦ ተጣብቆ ራሱን ይዘጋል። በአጥንት ውስጥና በአንጎል ሽፋን መካከል የሚያልፉት ቦዮች ግን ዙሪያቸው የተወጠረ ስለሆነ እንደ ብረት ቧንቧ ክፍት ሆነው ይቀራሉ። የ5 ሴንቲሜትር ውሃ ግፊት ልዩነት ብቻ፣ ባለ 14 ቁጥር መርፌ በሚያህል ቀዳዳ በሰከንድ 100 ሚሊሊትር ያህል አየር ሊያስገባ ይችላል። አዋቂን ለመግደል ከ200 እስከ 300 ሚሊሊትር እንደሚበቃ ይገመታል፤ ስሌቱን ለአንባቢ እተዋለሁ። አየሩ በቀኝ ልብ ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ ልብም እንደዚያ ፓምፕ ትመታለች እንጂ ደም አታስተላልፍም።

መፍትሔው በአንድ ሰው እጅ አልተገኘም። በ1947 ዱራንትና ባልደረቦቹ፣ አየር የገባበትን አካል በግራ ጎኑ ማስተኛት አረፋውን ከልብ መውጫ እንደሚያሸሽ አመለከቱ። በ1966 የማዮ ክሊኒኩ ማይክንፌልደርና ጓደኞቹ ቀጭን ቱቦ እስከ ቀኝ ልብ አስገብተው አየሩን መልሶ የመሳብን ዘዴ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ማንሰንና ሜሪክ ለሰመመን የሚሰጠው ናይትረስ ኦክሳይድ ወደ አረፋው ሰርጎ እንደሚያሳብጠው አሳዩ። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የመሟሟት ችሎታው ከናይትሮጂን 34 እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ፣ አደጋው በታየ ጊዜ ፈጥኖ ተቋርጦ ንጹሕ ኦክሲጅን ይሰጣል። ሐኪሙም ቁስሉን በጨው ውሃ ያጥለቀልቃል፣ የአጥንቱን ጠርዝ በሰም ይደፍናል። እዚህ ላይ መካኒኩ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ ቀዳዳውን ድፈን፣ ከፍታውን ቀንስ፣ አየሩን አውጣ የሚለው የእርሱው የሥራ ቅደም ተከተል ነውና።

የቀረው ትልቁ ችግር ጊዜ ነበር። ሐኪሞች በማዳመጫ ይጠብቁ የነበረው የወፍጮ መንኮራኩር የመሰለ ድምፅ የሚሰማው አየሩ ልብን ከሞላ በኋላ ነው። ይህን የለወጠው፣ ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 ስለ ከዋክብት ብርሃን ሲመራመር ያቀረበው ሐሳብ መሆኑ ያስደንቃል። በ1968 ጆሴፍ ማሩንና ባልደረቦቹ ከሰው ጆሮ አቅም በላይ የሆነ ድምፅ በመላክ በደም ሥር ያለች ጥቂት አየር መለየት እንደሚቻል አስታወቁ። በደረት ላይ የምትቀመጠው ትንሽ መሣሪያ የልብን ወጥ ሹክሹክታ ታሰማለች፤ አረፋ ሲያልፍ ድምፁ በድንገት ይሻክራል። ሩብ ሚሊሊትር አየር እንኳ ይሰማል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የላቀው እርምጃ ይህ ነው፤ ሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ በጊዜ የሚደርሱት ይህ ሲቀድማቸው ብቻ ነውና። በ1981 ቡኔጊንና አልቢን በልብ አምሳያ ላይ ሞክረው፣ ባለብዙ ቀዳዳ ቱቦ አየርን አብልጦ እንደሚስብ አሳዩ። በ1984 ደግሞ 965 የሟቾች ልቦች ተመርምረው 27.3 በመቶ በሚሆኑት ላይ በቀኝና በግራ ልብ መካከል ያልተዘጋ ቀዳዳ ተገኘ። አየሩ በዚህ አልፎ ወደ አንጎል ሊደርስ ስለሚችል፣ ብዙ ሆስፒታሎች በሽተኛን አስቀምጦ መቅደድን ትተው ወደ ማስተኛት ተመለሱ።

በአገራችን የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪሞችን የማሠልጠን ሥራ በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌይ የቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀመረ። ለሚሌ ነዋሪ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከኮምቦልቻና ከአዋሽ የሚመጡት መንገዶች ተገናኝተው ወደ ጅቡቲ የሚቀጥሉት በዚህች ከተማ ነው፤ የከባድ መኪና አደጋ ራሱን የጎዳው ሰው፣ የተሰበረ አጥንት የአንጎሉን ሽፋን ቦይ ወግቶበት ከሆነ፣ የኋላ አንጎል ዕጢ ካለበት በሽተኛ የማይተናነስ የአየር ሥጋት አለበት። ዶፕለር በሌለበት ክፍል በሽተኛን አስቀምጦ መቅደድ ተገቢ አይመስለኝም፤ አልጋውን ጠፍጣፋ ማድረግ ግን ዋጋ አይጠይቅም።

ከቆላ ወደ ደጋ መውጣት አየር የመሳቡን ኃይል ይለውጠው እንደሆነ የጠየቁኝ ባልደረቦች አሉ። አይለውጠውም፤ የከባቢው አየር በቁስሉም በልቡም ላይ እኩል ይጫናልና። የሚለወጠው የመሣሪያው ንባብ ነው። አየር ወደ ሳንባ ሲደርስ በትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በድንገት ስለሚወርድ ሰመመን ሰጪው ይህን ቁጥር ይከታተላል። 35 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሆነው መጠን፣ ጠቅላላው ግፊት 720 ገደማ በሆነበት በሚሌ 4.9 በመቶ ያህል ነው፤ ግፊቱ ወደ 580 በሚጠጋበት በአዲስ አበባ ግን 6 በመቶ ይሆናል። በመቶኛ የሚያሳየው መሣሪያ ለየትኛው ከፍታ እንደተስተካከለ፣ በሽተኛው አልጋ ላይ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ያለበት የጥገና ባለሙያው ነው።