የጀምቤ አሠራርና ጥራት

ጀምቤ ከምዕራብ አፍሪካ የማንዴ ሕዝቦች የመነጨ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራና በባዶ እጅ የሚመታ የከበሮ ዓይነት ነው። በተለይ በማሊና በጊኒ፣ እንዲሁም በቡርኪና ፋሶ፣ በኮት ዲቯርና በሴኔጋል በስፋት ይገኛል። ቅርጹ ባለ እግር ሙቀጫ ይመስላል፦ ላይኛው ክፍል ሰፊ ሆድ፣ መካከሉ ጠባብ ወገብ፣ ታችኛው ደግሞ እንደ ቧንቧ የተከፈተ እግር ነው። ከኢትዮጵያው ከበሮ የሚለየው ቆዳ የሚለብሰው በላይኛው አፉ ብቻ በመሆኑ ነው። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የአፉ ስፋት ከ30 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ5 እስከ 13 ኪሎ ግራም ይደርሳል።

የጀምቤ ጥራት የሚለካው በቅርጻ ቅርጹ ወይም በቀለሙ ሳይሆን በእንጨቱ፣ በውስጥ ቅርጹ፣ በአፉ ጠርዝ፣ በቆዳውና በአወጣጠሩ ነው።

ሠሪዎቹ

በማንዴ ማኅበረሰብ ጀምቤ የመጥረብ ሥራ በልማድ የኑሙ ነው። ኑሙ በዘር የሚወራረስ የአንጥረኞች ወገን ሲሆን ብረት ከመቀጥቀጥ ጋር እንጨት መጥረብንም ይሠራል። የሙያው መሣሪያዎችም እዚያው የሚሠሩ መጥረቢያና መፋቂያዎች ናቸው። ፎዴባ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1952 ያቋቋመው «ሌ ባሌ አፍሪካን» የተባለው የጊኒ የውዝዋዜ ቡድን በልዩ ልዩ አገሮች ከታየ በኋላ ጀምቤ በዓለም ዙሪያ ታወቀ። ፈላጊው ሲበዛ ለባዕድ ገበያ ብቻ የሚሠሩ ከበሮዎችም በዙ፤ ጥራትን የመለየት ችግርም በዚያው መጠን ጎላ።

እንጨት

ጥሩ ጀምቤ ከጠንካራና ከባድ እንጨት ይሠራል። በማሊና በጊኒ የሚመረጡት ሌንኬ፣ ጃላ፣ ዱጉራ እና ጌኒ የሚባሉ ዛፎች ናቸው። ጠንካራ እንጨት የቆዳውን ንዝረት አይውጥም፤ ብርቱ ውጥረትንም ይችላል። ለስላሳ እንጨት ቀላልና ለመጥረብ የሚመች ቢሆንም ገመዱ ሲጠብቅ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ግንዱ እርጥብ ሳለ ተጠርቦ ከዚያ በዝግታ በጥላ ሥር መድረቅ አለበት። ተጣድፎ የደረቀ ቀፎ ይነቃል። በላዩ ላይ ብቻ የሚታዩ ቀጫጭን ንቃቃቶች ብዙም አይጎዱም። ከውጭ እስከ ውስጥ የዘለቀ ስንጥቅ፣ በተለይም በአፉ ጠርዝ ወይም በወገቡ ላይ ያለ፣ ግን ከባድ ጉድለት ነው። አንዳንድ ሻጮች ስንጥቅንና የነቀዝ ቀዳዳን በኮላና በእንጨት ዱቄት ደፍነው ጥቁር ቀለም ይቀቡታል። ስለዚህ ወፍራም ቀለም የተቀባን ከበሮ በውስጥ በኩል በባትሪ መብራት መመርመር ይጠቅማል።

የውስጥ ቅርጽና ጠርዝ

የጀምቤ ወፍራም ድምፅ የሚመጣው በውስጡ ካለው አየር ንዝረት ነው፤ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፋ እንደሚሰማው ድምፅ ማለት ነው። ይህ ድምፅ በሆዱ ይዘት እንዲሁም በእግሩ ስፋትና ርዝመት ይወሰናል። የወገቡ ውስጥ በደንብ ሳይፈለፈል ጠቦ ከቀረ፣ ቆዳው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ጉድለቱ አይስተካከልም። የቀፎው ግድግዳ ውፍረትም ዙሪያውን ተመጣጣኝ መሆን አለበት።

ቆዳው የሚያርፍበት ጠርዝ ደልዳላና ክብ መሆን ይገባዋል። ቆዳ ያልለበሰን ቀፎ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ደፍቶ ከውስጥ መብራት ሲበራ ብርሃን ሾልኮ ከታየ ጠርዙ ወጣ ገባ ነው። ጠርዙ ስለታም ከሆነ እጅን ያቆስላል፣ ቆዳንም ይቆርጣል፤ ከመጠን በላይ ከደነደነ ደግሞ ድምፁን ያፍናል።

ቆዳ

የተለመደው ቆዳ ያልለፋ የፍየል ቆዳ ነው። ስስ ቆዳ ጥርት ያለና ሹል ድምፅ ይሰጣል፤ ወፍራሙ ደግሞ ለዘብ ያለ ድምፅ አለው። ጥሩ ቆዳ ዙሪያውን ተመሳሳይ ውፍረት አለው፤ የቢላ ጭረትም ሆነ ቀዳዳ የለበትም። የአከርካሪው መስመር በመሃል ካለፈ ሁለቱ ወገኖች ተመጣጣኝ ይሆናሉ።

ቀለበትና ገመድ

በቀድሞው አሠራር ቆዳው በጠፍር ይወጠር ነበር፤ ሲላላም በእሳት ይሞቃል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን የብረት ቀለበቶችና ሰው ሠራሽ ገመድ ተለምደዋል። ቀለበቶቹ ከቀፎው ጋር የሚገጥሙ፣ ብየዳቸው ንጹሕና በቀላሉ የማይጣመሙ መሆን አለባቸው። ገመዱ የማይለጠጥ መሆን ይገባዋል፤ የሚለጠጥ ገመድ ውጥረቱን ቶሎ ይለቃል። የላይኛው ቀለበት ከጠርዙ ዝቅ ብሎ በሁሉም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ካልሆነ ቆዳው በአንድ ወገን ላልቷል ማለት ነው።

የድምፅ ፈተና

ጀምቤ ሦስት መሠረታዊ ድምፆች አሉት። ወፍራሙ በመሃል በመዳፍ ሲመታ፣ መካከለኛው ጠርዝ አካባቢ ጣቶች ተገጥመው ሲመታ፣ ሹሉ ደግሞ እዚያው ጠርዝ ላይ ጣቶች ላላ ብለው ሲመታ ይሰማል። በጥሩ ከበሮ ሦስቱ በግልጽ ይለያያሉ፤ በጠርዙ ዙሪያም አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ታችኛው አፍ መሬት ላይ ከተደፈነ ወፍራሙ ድምፅ ስለሚታፈን፣ ከበሮው ዘንበል ተደርጎ መሞከር አለበት።

ጤናና ደን

ያልለፋ ቆዳ የአባ ሰንጋ ተህዋስ ሊይዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኒው ዮርክ ከምዕራብ አፍሪካ በመጣ ቆዳ ከበሮ ይሠራ የነበረ ሰው በበሽታው ተይዟል፤ በ2008 ደግሞ በለንደን አንድ ከበሮ ሠሪ ሞቷል። አደጋው በይበልጥ የሚያሰጋው የቆዳውን ጠጉር ሲላጩና ሲፍቁ አቧራውን የሚተነፍሱ ሠሪዎችን ነው።

ሌላው ሥጋት የዛፎቹ መመናመን ነው። ጌኒ የሚባለው ዛፍ ለቤት ዕቃ እንጨት በብዛት በመቆረጡ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንግዱ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ሌንኬና ጃላ የሚገኙባቸው የዛፍ ወገኖችም በ2022 በተደረገው የስምምነቱ ጉባኤ በዝርዝሩ ተካተዋል። አዲስ ቀፎ አንድ ሙሉ ግንድ ስለሚጠይቅ፣ በደንብ የተሠራ አሮጌ ቀፎን ቆዳና ገመድ ለውጦ መጠቀም የተለመደ ነው። ጥሩ ቀፎ ብዙ ቆዳዎችን ያሳልፋል።